ከአፒያ ወደ ፓጎ ፓጎ፦ ስለ በረራው ርቀትና ጊዜ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡብ ፓስፊክ ባሉት በሳሞአና በአሜሪካን ሳሞአ መካከል ስላለው አጭር በረራ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ከአፒያ እስከ ፓጎ ፓጎ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከፋሌኦሎ ኤርፖርት እስከ ፓጎ ፓጎ ኤርፖርት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል 94 ያህል ይሆናል። አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 81 ነው። ፋሌኦሎ የሳሞአ ዋና ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ሲሆን ዋና ከተማዋ አፒያ ባለችበት በኡፖሉ ደሴት ላይ ነው። የፓጎ ፓጎው ያለው የአሜሪካን ሳሞአ ትልቋ ደሴት በሆነችው በቱቱይላ፣ ታፉና የሚባል አካባቢ ነው።

ርቀቱን በእኛ አገር መንገድ ለመገመት፣ ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎንደር ላሊበላ ደግሞ 180 ገደማ ይሆናል። የአፒያና የፓጎ ፓጎ ርቀት በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ማለትም አጭር ነው። ይህን መንገድ ከባድ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ወደታች እናየዋለን።

በረራው ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ብላችሁ ያዙ። አየር ላይ የምትቆዩት ግማሽ ሰዓት ከትንሽ ነው። ቀሪው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ ማኮብኮቢያው ላይ እስኪደርስ፣ ካረፈ በኋላም እስኪቆም የሚሄደው ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ ይህንን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ነው። ስለዚህ አንዱ ቦታ 30፣ ሌላው ቦታ 45 ደቂቃ ብታነቡ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከቤት እስከ ቤት ሲቆጠር ግን ሌላ ነው። ፋሌኦሎ ከአፒያ ከተማ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በየመንደሩ መሃል ስለሚያልፍ መኪና ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ ለብቻው አንድ ሰዓት መያዝ ጥሩ ነው። በረራው አጭር ቢሆንም ዓለም አቀፍ ስለሆነ የፓስፖርትና የጉምሩክ ሰልፍ በሁለቱም በኩል አለ። ሁሉም ሲደመር የግማሽ ቀን ጉዞ ነው።

በምን ዓይነት አውሮፕላን ነው የሚሄደው? ትልቅ ጄት የለም?

በዚህ መስመር ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የኖረው 19 መንገደኛ የሚይዘው ትዊን ኦተር ነው። ባለ ሁለት ሞተር፣ ክንፉ ከላይ የሆነ፣ ለአጭር ማኮብኮቢያ የተሠራ የካናዳ አውሮፕላን ነው። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአንድ ወቅት በአገር ውስጥ መስመሮቹ ላይ ተጠቅሞበታል። አሁን ለአገር ውስጥ በረራ የምንሳፈርበት ኪው 400ም የዚያው የደ ሀቪላንድ ካናዳ ቤተሰብ ነው፤ መጠኑ ግን በብዙ ይበልጣል።

ትልቅ ጄት የማይመደበው ማኮብኮቢያ ስላጠረ አይደለም። ሁለቱም ኤርፖርቶች ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ የሚረዝም ማኮብኮቢያ አላቸው፤ ከሩቅ የሚመጡ ትልልቅ ጄቶችም ያርፉባቸዋል። ግን 150 ኪሎ ሜትር ለጄት አያዋጣም፣ መውጣቱን ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል። የሚመላለሰውም ሰው ትልቅ አውሮፕላን የሚሞላ አይደለም።

ትዊን ኦተር ውስጥ የአየር ግፊት አይስተካከልም፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። እኔ ይህን እንደ ጸጋ ነው የማየው። ሰማዩ ጥርት ካለ የኡፖሉን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ማዕበሉ የሚሰበርበትን የኮራል ቀበቶ፣ ከዚያም የቱቱይላን ሹል ተራሮች በቅርብ ታያላችሁ። የፓጎ ፓጎው ማኮብኮቢያ በከፊል ባሕሩ ላይ ተሞልቶ የተሠራ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ውሃው ላይ የሚወርድ ይመስላል።

ሁለቱም ሳሞአ ከተባሉ ለምን ሁለት አገር ሆኑ?

ሕዝቡ አንድ ነው፤ ቋንቋውም፣ ባህሉም፣ ዘመዱም አንድ። የለያቸው እ.ኤ.አ. በ1899 ኃያላኑ ያደረጉት ስምምነት ነው። ምዕራቡን ጀርመን፣ ምሥራቁን አሜሪካ ወሰዱ። እንግሊዝ በሌላ ቦታ ጥቅም አግኝታ ከሳሞአ ወጣች። በ1914 ኒውዚላንድ የጀርመኑን ክፍል ያዘች። ይህ ክፍል ጃንዋሪ 1 ቀን 1962 ነፃ ወጣ፤ በ1997 ደግሞ «ምዕራብ» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ ሳሞአ ብቻ ሆነ። ምሥራቁ እስከ ዛሬ የአሜሪካ ግዛት ነው።

ለተጓዥ ይህ ታሪክ በየእርምጃው ይታያል። አፒያ ላይ ገንዘቡ ታላ ነው፣ ፓጎ ፓጎ ላይ የአሜሪካ ዶላር። አፒያ ላይ መኪና በግራ ነው የሚነዳው፤ ከሴፕቴምበር 7 ቀን 2009 ጀምሮ ነው የተቀየረው። ፓጎ ፓጎ ላይ በቀኝ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ልዩነት ግን ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት ተነስቼ እሁድ ጠዋት ደረስኩ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በሁለቱ ደሴቶች መካከል የቀን መለወጫው መስመር ያልፋል። ሳሞአ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 13 ሰዓት ትቀድማለች፣ አሜሪካን ሳሞአ 11 ሰዓት ትዘገያለች። ሲደመር ልዩነቱ ልክ 24 ሰዓት ነው። የግድግዳ ሰዓቱ አንድ ዓይነት ያሳያል፣ የቀን መቁጠሪያው ግን አንድ ቀን ይለያያል።

በምሳሌ እንየው። ከፋሌኦሎ ሰኞ 08:00 ተነሳችሁ እንበል፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። በረራው 40 ደቂቃ ቢፈጅ ፓጎ ፓጎ የምትደርሱት እሁድ 08:40 ነው። ትናንት ደረሳችሁ። በመልሱ ደግሞ እሁድ 10:00 ከፓጎ ፓጎ ብትነሱ አፒያ የምትደርሱት ሰኞ 10:40 ነው። ያኛውን ቀን እዚህ መልሳችሁ ትከፍላላችሁ።

አንዳንድ የቲኬት መፈለጊያ ገጾች ይህን በረራ ሲያሳዩ «የሚደርስበት ቀን፦ አንድ ቀን ቀድሞ» የሚል ምልክት ያደርጋሉ። ስህተት አይደለም፣ አትደንግጡ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ቀን በመነሻው ቦታ፣ የመድረሻ ቀን በመድረሻው ቦታ አቆጣጠር ነው።

ሰዓቴን ማስተካከል አለብኝ? ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነትስ?

የእጅ ሰዓታችሁን ደቂቃም ሆነ ሰዓት መንካት አያስፈልግም፤ ቀን የሚያሳይ ከሆነ ቀኑን ብቻ ቀይሩ። ስልክ የአገሩን ኔትወርክ ሲይዝ በራሱ ያስተካክላል። ግን ኔትወርክ ካልያዘ የትናንቱን ወይም የነገውን ቀን ይዞ ይቀራል። ስልክ ላይ ባለው ማንቂያ ለሚተማመን ሰው ይህ አደገኛ ነው፤ «ዓርብ ጠዋት ቀስቅሰኝ» ያላችሁት ስልክ በተሳሳተ ዓርብ ሊቀሰቅሳችሁ ይችላል።

አፒያ ከአዲስ አበባ 10 ሰዓት ትቀድማለች። ፓጎ ፓጎ ከአዲስ አበባ 14 ሰዓት ትዘገያለች። አዲስ አበባ ላይ ማክሰኞ እኩለ ቀን ከሆነ አፒያ ላይ ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ነው። ፓጎ ፓጎ ላይ ደግሞ ገና ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ነው። ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ ይህን ያዙ።

ሳሞአ አንድ ቀን ከካላንደር ላይ የሰረዘችው ለምንድን ነው?

ለንግድና ለዘመድ ብላ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ ሳሞአ ከአሜሪካን ሳሞአ ጋር በአንድ ቀን ነበረች። ግን ትልቁ ንግዷ ከኒውዚላንድና ከአውስትራሊያ ጋር ነው፤ ከአገር የወጡት ልጆቿም በብዛት እነዚያ አገሮች ነው ያሉት። አፒያ ዓርብ ሥራ ላይ ስትሆን ኦክላንድ ቅዳሜ ሆኖ ዘግቷል። አፒያ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሲድኒ ሰኞ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። በሳምንት ውስጥ ሁለት የሥራ ቀን ይባክናል ብለው የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቱይላኤፓ ሳይሌሌ ማሊኤሌጋኦይ ለውጡን አመጡ።

ሐሙስ ዲሴምበር 29 ቀን 2011 እኩለ ሌሊት ሲሞላ አገሩ በሙሉ ወደ ቅዳሜ ዲሴምበር 31 ዘለለ። ዓርብ ዲሴምበር 30 በሳሞአ አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የቶኬላው ደሴቶችም አብረው ዘለሉ። አሜሪካን ሳሞአ ግን በአሜሪካ በኩል ቀረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአፒያ ወደ ፓጎ ፓጎ መሄድ ተራ የግማሽ ሰዓት በረራ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በአውሮፕላን ወደ ትናንት መሄድ የተጀመረው።

ታሪኩ ግን ከዚያ ይጀምራል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 ሳሞአ በተቃራኒው ወደ አሜሪካ በኩል ተሻግራ ነበር። ያኔ ንግዱ ከካሊፎርኒያ ጋር ስለነበር ነው። ቀን ለማካካስ ጁላይ 4ን ሁለት ጊዜ አከበሩ። ከ119 ዓመት በኋላ የተሰረዘችው ዓርብ ያኔ የተጨመረችውን ቀን መለሰች ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የቀን መለወጫው መስመር በዓለም አቀፍ ሕግ የተሰመረ ይመስለዋል። አይደለም። እያንዳንዱ አገር የራሱን ሰዓት ይመርጣል፤ መስመሩ የዚያን ምርጫ ተከትሎ ነው ካርታ ላይ የሚጠማዘዘው።

አንዱ ገጽ 125፣ ሌላው 150 ኪሎ ሜትር ይላል። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። 125 ገደማ የሚለው ከከተማ ከተማ፣ ማለትም ከአፒያ መሃል እስከ ፓጎ ፓጎ ወደብ ነው። 150 የሚለው ከኤርፖርት ኤርፖርት ነው። ፋሌኦሎ ከአፒያ በስተምዕራብ ስለሆነ፣ ፓጎ ፓጎ ደግሞ በስተምሥራቅ ስለሆነ፣ ወደ ኤርፖርት በመኪና የሄዳችሁትን መንገድ አውሮፕላኑ በአየር ይመለስበታል።

ሦስተኛ ቁጥርም አለ። ከአፒያ ከተማ ወጣ እንዳሉ የሚገኝ ፋጋሊኢ የሚባል ትንሽ ኤርፖርት አለ። ከዚያ እስከ ፓጎ ፓጎ 123 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማኮብኮቢያው አጭር ስለሆነ ትንንሽ አውሮፕላን ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ባለፉት ዓመታት ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ ኤርፖርት ነው። ስለዚህ ቲኬታችሁ ላይ የተጻፈውን ኮድ አንብቡ፦ ፋሌኦሎ ኤ-ፒ-ደብሊዩ፣ ፋጋሊኢ ኤፍ-ጂ-አይ፣ ፓጎ ፓጎ ፒ-ፒ-ጂ። በተሳሳተው ኤርፖርት የተገኘ ሰው በመኪና ተመልሶ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይበቃውም።

ርቀቱን ራሴ በወረቀትና በካልኩሌተር ማስላት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ደስም ይላል። ፋሌኦሎ በደቡብ ኬክሮስ 13.83፣ በምዕራብ ኬንትሮስ 172.01 ዲግሪ ላይ ነው። ፓጎ ፓጎ በደቡብ 14.33፣ በምዕራብ 170.71 ላይ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል ነው። የኬክሮሱ ልዩነት 0.50 ዲግሪ ስለሆነ ወደ ደቡብ 30 የባሕር ማይል እንሄዳለን።

የኬንትሮሱ ልዩነት 1.30 ዲግሪ ነው። በ60 ሲባዛ 78 ይሆናል። ግን የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ ሲርቁ ስለሚጠባበቡ በ14 ዲግሪ ኮሳይን፣ በ0.97 እናባዛው፤ ወደ ምሥራቅ 76 የባሕር ማይል ያህል ሆነ። ቀሪው የትምህርት ቤቱ ፓይታጎረስ ነው። 30 በራሱ ሲባዛ 900፣ 76 በራሱ ሲባዛ 5,776፣ ድምሩ 6,676። ካሬ ሥሩ 81.7 ገደማ ነው። በ1.852 ሲባዛ 151 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ቁጥሮቹን ስላጠጋጋን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቢያልፍ ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ለአጭር ርቀት ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አፒያ ያለውን 16,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በዚህ ልታሰሉ ብትሞክሩ በጣም ትስታላችሁ፤ ያን ያህል ርቀት ላይ የምድርን ክብነት የሚቆጥር ቀመር ያስፈልጋል።

ሄዶ መመለሱ ለምን እኩል ጊዜ አይፈጅም?

በነፋሱ ምክንያት። በዚህ የፓስፊክ ክፍል ዓመቱን በሙሉ በአመዛኙ የሚነፍሰው «የንግድ ነፋስ» የሚባለው፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ነው፤ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደግሞ ይበረታል። ፓጎ ፓጎ ከአፒያ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለሆነች ስትሄዱ ነፋሱ ከፊት፣ ስትመለሱ ከኋላ ነው።

ትዊን ኦተር በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሲሄድ ፍጥነቱ ከመሬት አንጻር 250 ይሆናል፤ 150 ኪሎ ሜትሩን በ36 ደቂቃ ይጨርሳል። ሲመለስ 310 ይሆናል፤ 29 ደቂቃ ይበቃዋል። በጄት ቢሆን የ30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ብዙም አይሰማም፣ ለቀርፋፋ አውሮፕላን ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ የሳይክሎንና የዝናብ ወቅት ነው። ያን ጊዜ የሚያስጨንቀው የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ሳይሆን በረራው ጭራሽ መኖር አለመኖሩ ነው። በዚያ ወቅት ተያያዥ በረራ ካላችሁ አንድ ቀን መሃል ላይ ተዉ።

ኤርፖርት ላይ ሰውን ከነሻንጣው ይመዝናሉ የሚባለው እውነት ነው?

ትንሽ አውሮፕላን ላይ የተለመደ ነው፤ አትከፉ። 19 ሰው በሚይዝ አውሮፕላን ላይ የእያንዳንዱ ሰው ክብደትና የሚቀመጥበት ቦታ ሚዛኑን ይለውጠዋል። ሻንጣ የሚቀርበትም፣ ወንበር የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። የግድ ከእናንተ መለየት የሌለበትን ነገር፣ መድኃኒትና ሰነድ፣ በእጅ ያዙ። ከትልቅ ጄት ወርዳችሁ የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ የተፈቀደላችሁ ኪሎ እዚህ እንደሚቀንስ አስቀድማችሁ እወቁ።

በነገራችን ላይ በዓለም ላይ ቲኬትን በመንገደኛው የሰውነት ክብደት ማስከፈል የጀመረው የዚሁ የሳሞአ አየር መንገድ ነው። ሳሞአ ኤር የተባለ ትንሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ሲያደርግ ዓለም ሁሉ አወራለት። ከሳሞአ ኤርዌይስ ጋር ግን አታምታቱት። ሳሞአ ኤርዌይስ ፖሊኔዥያን ኤርላይንስ ይባል የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2017 ስሙን የቀየረው የመንግሥቱ አየር መንገድ ነው።

በመርከብ ብሄድስ?

መርከብ አለ። ከአፒያ ወደብ ማታ ተነስቶ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ጠዋት ፓጎ ፓጎ ይገባል። ግን በየቀኑ አይደለም፣ መርሐ ግብሩም ይቀያየራል። ብዙ ዕቃ ለሚጭን ሰው ይሻላል። ባሕር የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን አይሞክረው፤ ነፋሱ ከፊት ስለሆነ ማዕበሉም ከፊት ነው። ቀኑን በተመለከተ ልዩነት የለም። በመርከብም ቢሆን ሐሙስ ማታ የተነሳ ሰው የሚደርሰው ሐሙስ ጠዋት ነው።

ቪዛስ? የአሜሪካ ቪዛ ካለኝ አሜሪካን ሳሞአ ያስገባኛል?

አያስገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካን ሳሞአ የአሜሪካ ግዛት ብትሆንም የራሷ የኢሚግሬሽን ሕግ አላት። ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈ የአሜሪካ ቪዛ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሳቱ በፊት ከግዛቷ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ኢትዮጵያዊ ግን ፓስፖርቱንና የመውጫ ቲኬቱን ይዞ ይገባል። ከፓጎ ፓጎ ወደ ሃዋይ ስትሻገሩም እንደ ውጭ አገር መንገደኛ ነው የምትፈተሹት።

ወደ ሳሞአ መግባት ከዚህ ይልቅ ይቀላል፤ አብዛኛው ጎብኚ እዚያው ሲደርስ ነው የመግቢያ ፈቃድ የሚያገኘው። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ወደ አፒያ የሚወስዱት በረራዎች በአመዛኙ በኒውዚላንድ፣ በአውስትራሊያ ወይም በፊጂ በኩል ስለሆኑ የትራንዚት ቪዛ ጉዳይ አለ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ለየአገሩ ለየብቻ አጣሩ፤ ሕጉ ስለሚለዋወጥ ከዓመት በፊት የሄደ ሰው የነገራችሁን አትመኑ።

ከፓጎ ፓጎ ወደ ሆኖሉሉ ተያያዥ በረራ አለኝ። ከአፒያ በየትኛው ቀን ልነሳ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። ከፓጎ ፓጎ ሆኖሉሉ 4,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበራል። በረራው በሳምንት ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ያመለጠው ሰው ቀናት ይጠብቃል።

የሆኖሉሉው በረራ ከፓጎ ፓጎ ሐሙስ ማታ ይነሳል እንበል። በዚያው ዕለት ለመድረስ ከአፒያ የምትነሱት ዓርብ ጠዋት ነው። አዎ፣ ዓርብ። ዓርብ ጠዋት ተነስታችሁ ሐሙስ ጠዋት ትደርሳላችሁ፣ ማታ ትቀጥላላችሁ። በልማድ «ቢያንስ በዚያው ቀን ልነሳ» ብላችሁ ሐሙስን ብትመርጡ የምትደርሱት ረቡዕ ነው፤ ሆቴል አንድ ሌሊት ትከፍላላችሁ። «ለጥንቃቄ አንድ ቀን ቀደም ልበል» ብላችሁ ረቡዕን ብትመርጡ ማክሰኞ ትደርሳላችሁ፤ ሁለት ሌሊት። እኔ ብሆን ሐሙስን እመርጣለሁ፤ አንዷ ሌሊት ለአየር ጠባይና ለዘገየ በረራ መጠባበቂያ ትሆናለች።

በመልሱ ስህተቱ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ቀን ይጠፋል። ከሆኖሉሉ ሐሙስ ማታ ፓጎ ፓጎ ገብታችሁ አደራችሁ። ዓርብ ጠዋት ወደ አፒያ በረራችሁ። የደረሳችሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። አፒያ ላይ ለዓርብ ሌሊት የተያዘ ሆቴል ካለ ገንዘቡ ባከነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሠርግ ወይም ቀብር ካለባችሁ ደግሞ አልፏል። ይህን ለማስተካከል ምንም ፈጣን አውሮፕላን አይረዳም።

የምመክረው ዘዴ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ፣ አንዱን አፒያ ሌላውን ፓጎ ፓጎ በሉት። እያንዳንዱን በረራ፣ ሆቴልና ቀጠሮ በየራሱ ዓምድ በየራሱ ቀን ጻፉ። ወደ ፓጎ ፓጎ ስትሻገሩ አንድ ቀን ቀንሱ፣ ወደ አፒያ ስትሻገሩ አንድ ቀን ጨምሩ። ለሆቴሉም ስትጽፉ የቀኑን ስምና ቁጥር አንድ ላይ ጻፉ።

ድሮ ልዩነቱ 25 ሰዓት ነበር የሚል አንብቤያለሁ። ስህተት ነው?

በከፊል ልክ ነው። ሳሞአ ለተወሰኑ ዓመታት በሞቃቱ ወቅቷ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ታደርግ ነበር። በዚያ ወቅት ከአሜሪካን ሳሞአ ጋር ያለው ልዩነት 25 ሰዓት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን አሠራር ተወችው። አሜሪካን ሳሞአ ደግሞ ሰዓት አትቀይርም። ስለዚህ አሁን ዓመቱን በሙሉ 24 ነው። ከ2021 በፊት የተጻፈ መመሪያ ግን ዛሬም እየተነበበ ሰውን ያሳስታል፤ የተጻፈበትን ዓመት እዩ።

አዲስ ዓመትን ወይም ልደቴን ሁለት ጊዜ ማክበር እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ አቅጣጫውን ካላሳታችሁ። መጀመሪያ አፒያ፣ ከዚያ ፓጎ ፓጎ መሆን አለበት። ሳሞአ አዲስ ዓመትን ቀድመው ከሚቀበሉት አገሮች መካከል ናት፤ ከሚቀድሟት መካከል የኪሪባቲ ምሥራቃዊ ደሴቶች ይገኙበታል። አሜሪካን ሳሞአ ደግሞ ሰው ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ከኒዌ ደሴት ጋር የመጨረሻዋ ናት። ጃንዋሪ 1 ጠዋት ከአፒያ ብትነሱ ፓጎ ፓጎ የምትደርሱት ዲሴምበር 31 ጠዋት ነው፤ እኩለ ሌሊቱን እንደገና ትጠብቃላችሁ። በተቃራኒው የሄደ ሰው ልደቱ ጭራሽ ሳይመጣ ሊያልፍበት ይችላል።

ሰንበትና ጾምስ? ቀኑ ሲለወጥ የቱን እይዛለሁ?

ይህ ጥያቄ እዚያው ሳሞአ ውስጥም ከባድ ሆኗል። ዓርብ በተሰረዘ ጊዜ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ተቸገረች። መንግሥት የቀኖቹን ስም ቢያዛውርም የሳምንቱ ሰባት ቀን አልተቋረጠም ብላ፣ በሳሞአ ያሉ ምእመናኗ በአዲሱ አቆጣጠር እሁድ በተባለው ቀን እንዲያመልኩ ወሰነች። አንዳንድ ምእመናን ግን አልተቀበሉትም፣ ቅዳሜ የተባለውን ይዘው ቀጠሉ። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ አንድ እምነት ይዘው በተለያየ ቀን ሰንበትን የሚያከብሩ ሰዎች አሉ።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም የእኛ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። አፒያ ላይ ረቡዕን ጾሞ ሐሙስ ጠዋት ቢነሳ ፓጎ ፓጎ ላይ ረቡዕ እንደገና ይጠብቀዋል። ሐሙስ ከፓጎ ፓጎ ወደ አፒያ የሚሻገር ደግሞ በቀጥታ ዓርብ ውስጥ ይገባል። እንዴት እንደሚያደርግ የሚነግረው የንስሐ አባቱ ነው፤ ከመነሳቱ በፊት ቢጠይቃቸው መንገድ ላይ አይጨነቅም። እሁድን በተመለከተ ግን ማንም ተጓዥ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በሁለቱም ደሴቶች እሁድ የጸጥታ ቀን ነው፤ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ መጓጓዣም ይቀንሳል። አፒያ ላይ እሁድን አሳልፋችሁ ሰኞ ጠዋት ከበረራችሁ፣ ፓጎ ፓጎ ላይ ሌላ እሁድ ነው የሚቀበላችሁ። ምግብና ታክሲ ከወዲሁ አመቻቹ።